ማስተካከያ፦ ስለ ናታሊ ዜመን ዴቪስ የምርምር ሥራ

ስለ ታሪክ ተመራማሪዋ ናታሊ ዜመን ዴቪስ (1928–2023) ቀደም ሲል በቀረበው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ነጥቦች መታረም አለባቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዶክትሬት ጥናታቸው «ስለ ሴት አታሚዎች» ተብሏል፤ አይደለም። በ1959 ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ስለነበሩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ስለ ፕሮቴስታንት እምነት ነው። እነዚህ ሠራተኞች በ1539 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ናቸው። ጥናቱ ሙሉ በሙሉ በሊዮን መዛግብት ላይ የተሠራ ተደርጎ መቅረቡም ልክ አይደለም። በ1952 የአሜሪካ መንግሥት የእሳቸውንና የባለቤታቸውን ፓስፖርት ስለወሰደ ወደ ፈረንሳይ መመለስ አልቻሉም፤ ስለዚህ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት በሚገኙ የዘመኑ ኅትመቶች ላይ አተኮሩ። የታተመ መጽሐፍን ራሱን እንደ ማስረጃ የማንበብ ልምዳቸው በአብዛኛው ከዚህ እገዳ የመጣ ነው። የሴቶች ታሪክ ዋና ሥራቸው የሆነው ዘግይቶ ነው፤ በ1971 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ከታሪክ ተመራማሪዋ ጂል ኮንዌይ ጋር ትምህርቱን መስጠት ጀመሩ።

የአሜሪካ የታሪክ ማኅበርን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው መባሉም ልክ አይደለም፤ በ1987 ሲመሩ ሁለተኛዋ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ኔሊ ኒልሰን ናቸው፣ በ1943።

በ1995ቱ መጽሐፋቸው ያጠኗቸው ሦስቱም ሴቶች ሥራቸውን በሕይወት ሳሉ አሳትመዋል መባሉም ስህተት ነው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የሱሪናም ነፍሳት ሥዕሎቿን በ1705 በአምስተርዳም አሳትማለች፤ አይሁዳዊቷ ነጋዴ ግሊክል በይዲሽ (በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) የጻፈችው ትዝታ ግን እስከ 1896 ድረስ በእጅ ጽሑፍ ብቻ ቆይቷል።