ጥየቃ ነው ወይስ ግርግር?

የካቶሊክ ቁምስናችንን (አጥቢያችንን) አባ ባጃጅ ገጭቷቸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ብረት ገብቶላቸዋል። ሐኪሙ "ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል" ብሏል። የት አለና? አንዱ ጠያቂ ሳይወጣ አምስት ይገባል። የገባው ሁሉ "እንዴት ሆኖ ነው አባ?" ይላል። እሳቸው ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸው ባጃጁ ከታጠፈበት ጀምረው እንደ አዲስ ይተርካሉ። ኮመዲኖው ላይ ብርቱካኑ ተከምሮ ለመድኃኒት ቦታ ጠፍቷል።

ኑዛዜ ልግባ የሚልም አለ! ወንድሜ፣ በሽተኛው እኮ እሳቸው ናቸው። ሌላ ካህን ፈልግ።

በጣም ያበገነኝ ግን የቀንዲሉ (ካህን ለታመመ ሰው እየጸለየ ቅዱስ ዘይት የሚቀባበት ምስጢር) ነገር ነው። ገና ከቀዶ ጥገናው በፊት ሌላ ካህን ቅዱሱን ዘይት ይዘው ሲገቡ፣ አንዲት እናት "ወይኔ፣ አበቃላቸው!" ብለው ለቅሶ ጀመሩ። አባ ተኝተው እየሰሙ! ኧረ በእመቤቴ! ምስጢረ ቀንዲል ነፍሱ ልትወጣ ላለች ሰው ብቻ እንዳልሆነ የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስፍሯል። በጠና የታመመ፣ ከባድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሁሉ ይቀባል። ሲድንም ተነስቶ ይሄዳል። ስድሳ ዓመት አልፎ አሁንም ዘይት ባየን ቁጥር ድንኳን እንጥላለን?

ነገ የምትሄዱ ካላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የአደጋውን ታሪክ ከእኛ ስሙ። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፣ አባ በቢጃማ ናቸው እኮ!