ለሐዘን ለኪዎች የቀረበ ውዳሴ

«መብታችሁ ነው፤ ግን እዚህ አይሁን» የምትለዋን አነጋገር የፈለሰፈ ሰው ሐውልት ይገባዋል፤ ሐውልቱ ከማን ደጅ ምን ያህል ርቆ ይቁም የሚለው በሜትር ተለክቶ የሚወሰን ሆኖ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኢማም ፈይሰል አብዱል ራኡፍና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በታችኛው ማንሃተን መዋኛ ገንዳ፣ አዳራሽ፣ መስገጃና እ.ኤ.አ. በመስከረም 11 ቀን 2001 የደረሰው የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሚኖሩት ባለ13 ፎቅ የባህል ማዕከል ለመሥራት ሲነሡ፣ ቦታው መንትዮቹ ሕንፃዎች ከወደቁበት ስፍራ በሁለት ብሎክ ብቻ እንደሚርቅ ለዓለም ያበሠሩት፣ «ለሐዘኑ ክብር ሲባል እዚህ አይሠራ» ብለው የተቃወሙት ልበ ስሱ ለኪዎች ናቸው። ሜትራቸው ጨዋ ነው፤ እዚያው ሰፈር ያለው የራቁት ጭፈራ ቤት ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ይጠቀለላል፣ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚሰግድበት ደጅ ሲደርስ ግን ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል።

ለቅርስ ያላቸው ፍቅርም አይዘነጋም። በቦታው የነበረው አሮጌ ሕንፃ የካፖርት መደብር ነበር፤ በዚያ ቀን (ለእኛ እንቁጣጣሽ ነበር) የአንደኛው አውሮፕላን የማረፊያ እግር ጣሪያውን በስቶት ከገባ ወዲህ ለዓመታት ተዘግቶ አቧራ ሲለብስ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ኢማሙ መጡና በአንድ ጀምበር የማይነካ ቅርስ ሆነ። የከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን 9 ለ 0 በሆነ ድምፅ «ቅርስ አይደለም» ማለቱ የኮሚሽኑ ልበ ደንዳናነት ነው።

ዘመዶቻቸው ከሞቱባቸው መካከል የተቃወሙም የደገፉም ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር ክርክር የለኝም። አድናቆቴ ማንሃተንን በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ እያዩ፣ ምርጫ በተቃረበበት ወቅት፣ ከሐዘንተኛው በልጠው ሙሾ ላወረዱት ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ብሂል እነርሱን አይመለከትም። ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ፣ በደቡቡ ሕንፃ 17ኛ ፎቅም ሙስሊም ሠራተኞች የሚሰግዱበት ክፍል እንደነበረ በማንሣት ለቅሶውን ላለማደናገር ያሳዩት ጥንቃቄ ያስመሰግናቸዋል። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ በፔንታጎን፣ በዚያው ቀን ሌላ አውሮፕላን በገባበት ቦታ በተሠራው የጸሎት ቤት ሙስሊሞች መስገዳቸውንም ሳይለኩ አልፈውታል፤ ምናልባት ሜትሩን ቤት ረስተውት ይሆናል።

ማዕከሉ በታሰበው መልክ አልተሠራም። በቦታው ላይ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ የተመዘዘ ባለ43 ፎቅ የቅንጦት መኖሪያ ሕንፃ ቆሟል፤ እርሱን ሊለካ የመጣ ሰው ግን አልታየም።