ሐሜት አይሁንብኝና

አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ ብዙ ታገለግለናለች፣ አመስጋኝ ግን አጥታለች። ዛሬ እኔ ላመስግናት። «ሐሜት አይሁንብኝና» ትባላለች። ሌላ አገርም አለች ይላሉ፤ እንደኛ እንደ ደሴዎች የተካነባት ግን ያለ አይመስለኝም። ከወሬው በፊት ጣል ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ንጹሕ ነው። በረኪና እንኳ እንዲህ አያጸዳም።

እሑድ መድኃኔዓለም ቅዳሴው አልቆ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል በሰላም እንወጣለን። ሰላሙ እስከ ቅጽሩ በር ያደርሰናል። ከዚያ የጦሳ ተራራን ብርድ ሰበብ አድርገን እትዬ ቤት ቡና እንገባለን።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ «ምላስ እሳት ነው» ይላል። ታዲያ በዚህ ብርድ በምን እንሙቅ? ደግሞ አንድ ምንጭ የሚጣፍጥና የሚመር ውኃ ያወጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያዕቆብ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈራችን አልደረሰማ! እኛ ጋ አንድ ጀበና ሁለቱንም ይቀዳል።

ባለፈው እሑድ አቦሉ ላይ ቀለበት የመለሰችው የጎረቤት ልጅ ተነሳች። «ሐሜት አይሁንብኝና፣ እሱ ነው አሉ የተዋት።» ቶናው ላይ እናቷ ታከሉ። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውም አመለኛ ነበሩ።» ሙት እንኳ ሳንመርቅ አናማም። ጌታ ለከንቱ ቃል ሁሉ በፍርድ ቀን መልስ ትሰጣላችሁ ማለቱን እናውቃለን፤ ማቴዎስ 12 ላይ አለ። መልሱን አዘጋጅተናል፦ አይሁንብኝ ብዬ ነበር እኮ!

በረካው ሲቀዳ በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ናት፤ ቆሎ ይዛ። ነጠላዋ በጉም ርሷል። ደጅ ትንሽ ቆማ ነበር መሰለኝ።

ወሎዬ በምርቃት አይታማም። «ነይ የኔ እናት!» ብለን ተነሳን። እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። (እውነቱን ልናገር፣ የእትዬ ምርቃት ያድናል። አንድ ክፉ ቀን እኔን ራሴን ከወደቅሁበት ያነሳኝ እሱ ነው።) «ክፉ አይንካሽ። ከሰው ዓይን፣ ከሰው አፍ ይሰውርሽ።» «አሜን!» አልን። ከሁሉም የኔ ይጮህ ነበር።

እሷም ቀስ ብላ «አሜን» አለች። ቆሎውን አስቀመጠች፤ ሳትቀመጥ ወጣች።

እትዬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«ሐሜት አይሁንብኝና፣ አሜኗን ሰማችሁት?»

ሌላ ጀበና ተጣደ።