«ጓጉቷል» ብላ ጻፈች፣ ኤክስ ተሰጣት

ትናንት ማታ የልጄን የእንግሊዝኛ ደብተር ከፍቼ ካየሁ ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። እዚሁ ደብረ ብርሃን 6ኛ ክፍል ናት። አንድ ልጅ ለጉዞው «ኤክሳይትድ» ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሱ ተብለዋል። እሷ «ልጁ ለጉዞው ጓጉቷል» አለች። በቀይ ኤክስ! ከጎኑ «ተደስቷል» ተብሎ ታርሞላታል።

ኧረ በእናታችሁ! ደስታና ጉጉት አንድ ነው እንዴ? ልጁ እኮ ገና አልሄደም። የተደሰተ ሰው ቁጭ ብሎም ይደሰታል። «ኤክሳይትድ» የሆነውን ግን አያስቀምጠውም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መቀስቀስ ማለት ነው። ለዚህም ነው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በንዴት ወይም በጭንቀት ለተረበሸ ሰው ጭምር የሚሉት። ፊዚክስ ላይ እንኳ ጉልበት አግኝቶ ከፍ ወዳለ እርከን የወጣ ኤሌክትሮን በዚሁ ቃል ይጠራል። ኤሌክትሮን ደግሞ አይደሰትም።

ልጄ መልሱን ያመጣችው ከኑሮዋ ነው። ለጥምቀት መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ አያቷ ዘንድ ልንሄድ ስንል እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። በዚያ ብርድ ሦስቴ ተነሥታ ቦርሳዋን አየች። «እማዬ፣ አልነጋም?» ስትለኝ አደረች። ደርሰን ለእናቴ ስነግራት «ጓጉታ ነዋ!» አለች። እንግሊዝኛ የማታውቅ ሴት በአንድ ቃል ጨረሰችው።

የባሰው ግን ከታች ያለው ነው። «አይ አም ኤክሳይቲንግ» ብላ የጻፈችው ራይት ተሰጥቶታል! «ኤክሳይቲንግ» ጉዞው ነው፤ እሷ «ኤክሳይትድ» ናት። እንደጻፈችው ከሆነ «እኔ አጓጊ ሰው ነኝ» ማለቷ ነው። አማርኛችን እኮ ይህን አጥርቶ ይለያል፤ ጉዞው አጓጊ፣ ልጅቷ የጓጓች። በዚህ ቢያስረዷቸው ወዲያው ይገባቸው ነበር። በገዛ ቋንቋቸው የሚያውቁትን ነገር ለምን እናጠፋባቸዋለን?

ዛሬ ጠዋት ሄጄ መምህሩን በትሕትና ጠየቅኋቸው። «መልሱ ላይ የተጻፈው ተደስቷል ነው» አሉኝ። ተማሪው ብዙ ነው፣ ደክሟቸዋል፣ ይገባኛል። ቢሆንም ልክ የሆነውን ልጅ ተሳስተሻል ማለት ያማል።

አሁን እራት ላይ «እማዬ፣ ፈተና ላይ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ። ፈተናው ሰኞ ነው።