ገዳይ ሸረሪት መቀለብ እብደት ነው?

ከገዳይ ሸረሪት ጥርስ ላይ መርዝ የሚመጥ የአውስትራሊያ ሠራተኛ ቪዲዮ አልፎ አልፎ በየስልካችን ይዞራል። አስተያየት ሰጪው ወዲያው «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል። ያስቃል፤ ግን አልስማማም።

ቦታው ከሲድኒ በስተሰሜን፣ ሶመርስቢ የሚገኘው የአውስትራሊያ ሬፕታይል ፓርክ ነው። ሸረሪቱ ሲድኒ ፈነል ዌብ ይባላል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቁጡ ፍጥረት ነው። የወንዱ መርዝ ከሴቷ እስከ 6 እጥፍ ይከፋል። ሲሞቅ ደግሞ ሴት ፍለጋ ጉድጓዱን ትቶ ይዞራል። ያኔ ነው ሰው ቤት የሚገባው፣ ጫማ ውስጥ የሚወሸቀው። የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት 13 ሰዎች በዚህ ሸረሪት መሞታቸው ተመዝግቧል። በ1981 እ.ኤ.አ. ዶክተር ስትሩዋን ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ የሠሩት ማርከሻ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በንክሻው የሞተ ሰው አልተመዘገበም።

ማርከሻው ታዲያ ከሰማይ አልወረደም። ሸረሪቱ እንዳይደርቅ አፈሩን የሚያረጥብ፣ በረሮና ሌላ ነፍሳት የሚወረውርለት ሰው አለ። መቀለቡ ቀላሉ ክፍል ነው። ጉዱ ያለው ማለቡ ላይ ነው። ሠራተኛው ሸረሪቱን ይነካካዋል። እሱም ይቆጣና የፊት እግሮቹን አንስቶ ይቆማል፤ ጥርሱ ጫፍ ላይ የመርዝ ጠብታ ብቅ ትላለች። ያቺን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ነው። የአንዱ ሸረሪት መርዝ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ብዙ ሸረሪት ደጋግሞ መታለብ አለበት። ከዚያ ጥንቸል መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ትወጋለች። ጥንቸል ይህን መርዝ ትቋቋመዋለች፤ ሰውነቷ የሚያመርተው መከላከያ ከደሟ ተለይቶ መድኃኒት ይሆናል።

ወንዶቹ ለአቅመ ወንድ ከደረሱ በኋላ ብዙ አይቆዩም። ስለዚህ ፓርኩ ሕዝቡን «አትግደሉ፣ በጥንቃቄ ይዛችሁ አምጡልን» እያለ ይለምናል። ሰዉም በብልቃጥ እየያዘ ያመጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው ጫማዬን ነበር።

ሸረሪት የሚቀልበውን ሁሉ ግን አላደንቅም። የብራዚሉን ተቅበዝባዥ ሸረሪት መኝታ ቤቱ አስቀምጦ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው አውሮፓ ውስጥ ቢነከስ ምን ይሆናል? የዚያ ሸረሪት ማርከሻ የሚሠራው ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ቡታንታን ተቋም ነው። የሰፈሩ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ይኖራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ክዳኑን ረስቶ ከተኛ ደግሞ ጣጣው ለጎረቤት ይተርፋል። ብሪታንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ሕጓ እንዲህ ያለውን ሸረሪት ያለ ፈቃድ መያዝ መከልከሏ አግባብ ነው። «የግል ነፃነቴ ነው» የሚለው ክርክር እኔ ዘንድ አይሠራም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሸረሪት ባያሰጋን እባብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። በእባብ የተነደፈ እረኛ ጤና ጣቢያ ቢደርስ እንኳ ማርከሻ እንደልብ አያገኝም። በሌላ አህጉር እባብ መርዝ የተሠራ ማርከሻ ደግሞ የእኛን እባብ መርዝ ላያረክስ ይችላል። የአገራችንን እባብ ቀልቦ የሚያልብ ተቋም ይቋቋም ቢባል እኔ ደጋፊ ነኝ። አይጥ ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ እኛ ቤት ጎራ ይበል።