እርማት፦ ክሮንስ «የፈረንጅ በሽታ» አይደለም

ወንድሜ፣ «ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የፈረንጅ በሽታ ናቸው፣ ሐበሻን አይነኩም» ያልከው ስህተት ነው። (ሁለቱም አንጀትን ለረጅም ጊዜ የሚያቆስሉ፣ ብዙ ጊዜ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጡ በሽታዎች ናቸው።) ብዙ ሰው ስለሚደግመው ነው የምመልስልህ እንጂ ልጣላህ ብዬ አይደለም።

አዎ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በብዛት ይታያል፤ በብዙዎቹ አገሮች ከ1,000 ሰው ከ3 በላይ ታማሚ አለ። ግን ጉዳዩ የዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከ1990 ወዲህ በእስያ፣ በደቡብ አሜሪካና በአፍሪካም አዳዲስ ታማሚዎች ለምን እየጨመሩ መጡ? ዘር በ30 ዓመት አይቀየርም። የሚቀየረው አኗኗር ነው፦ ምግቡ፣ ከተሜነቱ፣ በልጅነት የሚወሰደው አንቲባዮቲክ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች።

የራሳችንን ሰዎች እንኳ ተመልከት። ቤተ እስራኤላውያን እስራኤል ሲገቡ በሽታው እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ላይ መታየት ጀመረ። ካናዳ ውስጥም እዚያው የተወለዱ የደቡብ እስያ ስደተኞች ልጆች የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ካናዳዊ ልጅ ጋር ተቀራራቢ ነው።

እኛ ጋ «የለም» የሚያስብለው ምርመራውም ነው። ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) ያለው በጥቂት ቦታ ነው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ መጀመሪያ አሜባ ይባላል (ለእኛ ሁሉም ነገር አሜባ ነው!)፣ ቀጥሎ የአንጀት ቲቢ፣ እሱ ደግሞ ከክሮንስ ጋር ሐኪም እስኪቸገር ድረስ ይመሳሰላል። ስለዚህ ለወራት እንዲህ የሚያመው ሰው ካወቅህ፣ «ይሄ እኛን አይይዘንም» ብለህ አታዘናጋው፤ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ይየው።