መሳሳሙን ሸፍነን ለከፋውን የምናሳይ

ወገኖቼ፣ በተለይም እናንተ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሲኒማ የምትሄዱ ወላጆች፣ የምናገረው ደስ ባያሰኛችሁም ስሙኝ፤ ተግሣጹ የሚጀምረው ከእኔው ነውና።

በቅርቡ ከብሔራዊ ቲያትር ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ የ11 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ የፍቅር ኮሜዲ ለማየት ገባሁ። ትኬት ስቆርጥ ስለ ልጁ ዕድሜ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ስለ ፊልሙ አልጠየቅሁም። ፍቅረኞቹ ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ የልጁን ዓይን በእጄ ጋረድሁ፤ ከፊታችን የተቀመጡት አባትም የሴት ልጃቸውን ራስ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ፣ ያ ወጣት «አልፈልግህም» ያለችውን ሴት ከመሥሪያ ቤቷ እስከ ሰፈሯ ሲከተላት፣ ስልክ ቁጥሯን ከጓደኛዋ በውሸት ሲቀበል፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ አጠገቧ ሲቀመጥ፣ እኔም እኒያ አባትም ልጆቹም እንባችን እስኪፈስ ስቀን ነበር። በማግሥቱ የእህቴ ልጅ «እምቢ ስትለው እኮ እየወደደችው ነበር» አለኝ። የጋረድሁበትን መሳሳም ግን አላነሳውም።

በአራት ኪሎና በፒያሳ ደብተራቸውን አቅፈው የሚያልፉ ሴት ተማሪዎች የሚደርስባቸውን ለከፋ ስናይ «የዛሬ ልጅ ተበላሸ» እያልን እናማርራለን። ያው ለከፋ ሙዚቃ ታክሎበት፣ ቀልድ ተቀብቶ፣ መጨረሻውም በሠርግ ሲያምር ግን ከፍለን ገብተን እናጨበጭብለታለን። ይህ ያሳፍረናል፤ ሊያሳፍረንም ይገባል።

የውጭ ፊልም ሲሆን ደግሞ የዕድሜ ምልክቱን እንደ ክታብ እንተማመንበታለን። በአሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ፒጂ-13» ወላጅን በብርቱ ለማስጠንቀቅ የወጣ እንጂ ለ13 ዓመት ልጅ የተሰጠ ምርቃት አይደለም፤ «አር» የተባለውም ቢሆን ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ወይም ከአዋቂ አሳዳጊው ጋር ከመጣ እንዲገባ ይፈቅዳል። መዛኞቹ ራሳቸው ወላጆች ሲሆኑ ስድብን፣ እርቃንን፣ ወሲብን፣ ድብድብንና አደንዛዥ ዕፅን ይመለከታሉ። ያፈቀረ ሰው በመዋሸቱ የሚሸለምበትን ታሪክ ግን፣ አንዲትም የብልግና ቃል ከሌለችበት፣ ምልክቱ ላያስጠነቅቃችሁ ይችላል። (የእኛው ፊልም በስልክ ሲመጣ ደግሞ ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን ስለሚያየው፣ የሚጋርድ እጅ እንኳ የለም።)

ፍቅርን ከልጅ ደብቁ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተከባብረው ሲቀራረቡ፣ ተጣልተው ይቅርታ ሲጠያየቁ ማየት የ11 ዓመት ልጅን አይጎዳውም፤ መሳሳሙም ቢሆን እኛ የፈራነውን ያህል አያስፈራም። የማልቀበለው ሌላ ነው፤ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪን ሥራ የያዘ ጎልማሳ ሲያባብላት እንደ ቀልድ የሚቀርበውን ታሪክ የ15 ዓመት ልጅ ሊስቅበት አይገባም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እኮ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለወንዱም ለሴቷም 18 አድርጎታል።

ስለዚህ ፊልሙን አስቀድማችሁ እዩት፤ ካልቻላችሁም አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ስትወጡም ጠይቋቸው። ታክሲ እስኪመጣ ሰልፍ ላይ ለመነጋገር በቂ ጊዜ አለ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን የእህቴን ልጅ «ልጅቷ ስንት ጊዜ እምቢ አለችው?» ብዬ ጠየቅሁት። በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ለምን አልተዋትም?» አለኝ።